«እየሠራሁበት ነው»

በአዲስ አበባ የሶፍትዌር ቢሮዎች ጠዋት ጠዋት፣ ገና ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ የሚባል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «እየሠራሁበት ነው»። ስታንድአፕ በምንለው የ15 ደቂቃ ስብሰባ ሰዉ ክብ ሠርቶ ይቆማል። ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? የያዘህ ነገር አለ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «የለም፣ እየሠራሁበት ነው» ነው። ሰኞም እየሠራሁበት ነው፣ ማክሰኞም እየሠራሁበት ነው። ሐሙስ ዴድላይኑ ሲያልፍ ነገሩ ከሰኞ ጀምሮ እንደቆመ ይታወቃል። ያን ጊዜ አለቃ «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልተናገርክም?» ይላል። ሰኞ ቢነገረው ኖሮ «ይቺንማ ጎግል አድርጋት» ይል የነበረው ይኸው አለቃ ነው።

ክርክሬን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። እርዳታ የሚጠይቅ ሠራተኛ ደካማ ነው የሚለው እምነት በቢሮዎቻችን ካሉት እምነቶች ሁሉ ውዱ ነው። ውድ ስል በብር ነው የማወራው። ዝም የሚለውን እናሞግሳለን፣ የሚጠይቀውን ነጥብ እንቀንስበታለን፤ ከዚያ ሥራው ሲዘገይ «የሠራተኛው አቅም ዝቅተኛ ነው» ብለን የሆቴል አዳራሽ ተከራይተን ሥልጠና እንሰጣለን። አነቃቂው ሰውዬ መጥቶ «ራሳችሁን እመኑ» ብሎን ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት እንደገና ክብ ሠርተን እንቆማለን።

አንድ የማውቀውን ጉዳይ በዝርዝር ላውራ፤ ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። አንድ ቢሮ (ስሙ ምንም አይጨምርልንም) ለአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር መከታተያ ሲስተም ይሠራ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ከገባ ስድስት ወር ለሆነው ልጅ የደረሰችው ቲኬት ቀላል ትመስላለች፤ የብድር መክፈያ ቀኖችን በኢትዮጵያ ካላንደር ማሳየት። ዳታቤዙ የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ቀን ነው፤ ተበዳሪው ግን ማየት ያለበት በእኛ ነው። ልጁ እያንዳንዱ ወር በፈረንጅ ስንት ቀን ላይ እንደሚጀምር ሰንጠረዥ ሠራ፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 እያለ እስከ ጳጉሜ። የ2015ን ወራት ሞከረ፤ ልክ ናቸው። የ2016ን ሞከረ፤ ከመስከረም እስከ የካቲት ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይዛነፋል። መጋቢት ሲገባ ደግሞ ራሱ ድኖ ቁጭ ይላል።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ባር ባር ይለዋል። ሁልጊዜ የሚሳሳት ነገር ተፈልጎ ይገኛል። ሰው የሚያሳብደው ግማሽ ዓመት ተሳስቶ ግማሽ ዓመት ልክ የሚሆነው ነው። ምስጢሩ ጳጉሜ ናት። በየ4 ዓመቱ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ፣ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። 2015 ሉቃስ ስለነበረ የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው እንደ ፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ያቺ የአንድ ቀን ፈቀቅታ ፈረንጆቹ በተራቸው ፌብሩዋሪ 29ን እስኪጨምሩ ድረስ አብራን ትከርማለች፤ ከዚያ ሁለቱ ካላንደሮች ይታረቃሉ። (ልጁ እናቱ ጋ ደውሎ ቢሆን ግማሹን መልስ ያገኝ ነበር። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ የማያውቁ እናት አላጋጠሙኝም።)

ልጁ 4 ቀን ፈጀ። ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ባልደረባው ይህንኑ ነገር ከሁለት ዓመት በፊት ለሌላ ፕሮጀክት ፈትቶት፣ ኮዱ እዚያው ቢሮ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። አርብ ምሳ ላይ፣ ሽሮው መሐል፣ ልጁ እንደ ቀልድ «ይሄ ካላንደር አበደ እኮ፣ ግማሽ ዓመት ይዋሻል» አለ። ባልደረባው ጉርሻውን ሳይውጥ «ጳጉሜ 6 ነዋ!» አለው። 32 የሥራ ሰዓት በአንድ ጉርሻ ተፈታ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የምሳ ሰዓት ወሬ ነበር። ሰኔ ላይ ግን የሥራ አፈጻጸም መመዘኛው መጣ። ልጁ «ራሱን ችሎ ይሠራል» በሚለው 5 ከ5 አገኘ። «ሥራን በወቅቱ ያጠናቅቃል» በሚለው 2 ከ5። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ነጥቦች የተሰጡት ለዚያው ለአንድ ነገር ነው። ሰኞ ዕለት ጠይቆ ቢሆን ሁለተኛው ይጨምርና የመጀመሪያው ይቀንስ ነበር። እንግዲህ በየትኛውም መንገድ የምትቀጣ ከሆነ የምትመርጠው የማያሳፍርህን ቅጣት ነው። መዘግየት ሰበብ አያጣም፤ ኔትወርኩ፣ መብራቱ፣ ደንበኛው ሐሳቡን መቀየሩ። አለማወቅ ግን በማን ይላከካል? ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ለቀቀ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 መጨረሻ ነው፤ ሰንጠረዡን እንደገና ከባዶ የሚሠራው ጀማሪ ከአሁኑ ይታየኛል።

«ራሱን ችሎ ይሠራል» የምትለዋን ሐረግ ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት አያታለሁ። የሥራ ማስታወቂያው ላይ «በአነስተኛ ክትትል መሥራት የሚችል» ሆና ትመጣለች። ኢንተርቪው ላይ «አንተ ቲም ፕሌየር ነህ ወይስ ለብቻህ መሥራት ትችላለህ?» ሆና ትመጣለች፤ መልሱ ሁለቱም መሆን አለበት። ቀጣሪው ሊል የፈለገው ይገባኛል፤ በየ10 ደቂቃው «አንዴ ና» የሚለው ሰው አይፈልግም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ራሱን ችሎ የሚሠራ ፕሮግራመር የሚባል ፍጡር የለም። የምንጽፈው እያንዳንዱ ሲስተም የማናውቃቸው ሰዎች በነጻ የጻፉት ላይብረሪ ላይ ነው የሚቆመው። ስታክ ኦቨርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ የዓለም ፕሮግራመር አንድ የማይታወቅ ሰው ጠይቆ ሌላ የማይታወቅ ሰው የመለሰለትን እየቀዳ ኖሯል። የማታውቀውን ሰው መጠየቅ «ሪሰርች» ተብሎ፣ ጎንህ ያለውን መጠየቅ ድክመት የተባለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ነገሩ የእኔ ብስጭት ብቻ አይደለም። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ተግባብተው የሚሠሩ ቡድኖች አነስተኛ ስህተት ይኖርባቸዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። ቁጥሩ ተገልብጦ ወጣ። ጥሩ መሪ ያላቸው፣ እርስ በርስ የሚከባበሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው ተገኙ። ነገሩ ሲመረመር የስህተት ብዛት አልነበረም ልዩነቱ፤ በእነዚህ ቡድኖች ሰዉ ስለ ስህተት ያወራል፣ በሌሎቹ ይደብቃል። በ1999 ደግሞ በአንድ አምራች ኩባንያ ውስጥ 51 ቡድኖችን አጥንታ፣ ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት ያለበት ቡድን በይበልጥ እንደሚማር፣ በይበልጥ የሚማረውም የተሻለ ውጤት እንደሚያስመዘግብ አሳየች። ይህን ደኅንነት ለመለካት ከተጠቀመችባቸው 7 መጠይቆች አንዱ በቡድኑ ውስጥ ሰው እርዳታ መጠየቅ ይከብደው እንደሆነ የሚመለከት ነው። የእኛም ፎርም ላይ ያው መለኪያ አለ፤ ነጥቡ ብቻ ተገልብጦ ነው የሚሰጠው።

ጥያቄ የማይሰማበት ቢሮ ከውጭ ሲታይ በጣም ያምራል። ሪፖርቱ ንጹሕ፣ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ፣ ስብሰባው አጭር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። በሽታውን ሲናገር ነጥብ የሚቀነስበት ሰው ግን ምን ብሎ ይናገር?

«ባህላችን እኮ ነው፣ ይሉኝታ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን ማብራሪያ አልቀበለውም፤ ሰነፍ ማብራሪያ ነው። ይሉኝታ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ። ግን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ያለው ማን ነው? «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ያለውስ? ደቦ የጠራ ገበሬ ሰነፍ ተብሎ አያውቅም። ሰነፍ የሚባለው አዝመራው ማሳ ላይ እያለ ዝናብ የመጣበት ነው። የቆሎ ተማሪውም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል፤ መለመኑ ውርደት ሳይሆን የትምህርቱ አካል ነው። ጎጆው ሲመለስም ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ የኔታ ብቻቸውን ለሁሉም አይደርሱማ። አለንጋውንም አልረሳሁም፣ ያንን ዓለም ገነት ላደርገው አልፈልግም። ግን እርዳታ መጠየቅን ነውር ያደረገብን እሱ አይደለም።

ነውር ያደረገብን ዘመናዊው ክፍል ነው። መምህሩ ቦርሳውን እየዘጋ «ጥያቄ ያለው?» ይላል። አንድ ሰው እጁን ካነሣ ሌላው «አቦ ረሃብ ገደለን» ብሎ ይነጫነጫል፣ ጥያቄው ትንሽ ወለም ካለ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ውጤቱ እርስ በርስ በማወዳደር በሚሰጥበት ኮርስ ደግሞ ጎንህ ያለውን ማስረዳት የራስህን ግሬድ አሳልፎ መስጠት ነው። መረዳዳትን በመመሪያ ሊያመጡት ሲሞክሩም አንድ ለአምስት ሆነ፤ ጎበዙ ሰነፎቹን ያስጠናል ተብሎ የተጀመረው ነገር ፎርም መሙያና ሪፖርት መጻፊያ ሆኖ አረፈው። የሚገርመው፣ እውነተኛው መማማር አጠገቡ ነበር። ፈተና ሲደርስ ሌሊት ዶርም ውስጥ፣ ሰቃዩ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ስምንት ሰው ከቦት፣ «ቆይ ይቺን ድገማት» እየተባለ። ኢንጂነሪንግ አምስት ዓመት ተምሬ ሰርኪዩት የገባኝ እዚያ ነው። ያ ሌሊት በየትኛውም ትራንስክሪፕት ላይ የለም፤ ተመርቀን ሥራ ስንገባም ዶርሙን ጥለን ይዘን የሄድነው ክፍሉን ነው።

ሌላ ብዙም የማይወራ ነገር አለ፤ ቋንቋው። አሥር ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል፣ አሥሩም አማርኛ ይችላል፣ ስብሰባው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ለምን ሲባል «ፕሮፌሽናል» ስለሆነ። ደንበኛው ውጭ አገር ሲሆን እሺ፤ ደንበኛው ሜክሲኮ አደባባይ ያለ ድርጅት ሲሆን ግን ለማን ነው? «እየሠራሁበት ነው» በየትኛውም ቋንቋ ቀላል ነው፤ ተሸምድዶ የሚባል ነገር ነው። ያልገባህን ማስረዳት ግን ከባድ የቋንቋ ሥራ ነው። የት ድረስ እንደገባህ፣ የት ላይ እንደጠፋብህ፣ ምን ሞክረህ ምን እንደመጣ መተረክ አለብህ። ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ሊጋለጥበት ነው፤ አለማወቁና እንግሊዝኛው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ውድ ትምህርት ቤት የተማረው ጥያቄውን እንደ ውኃ ያፈሰዋል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው፣ ምናልባትም ኮዱን ከሁላችን የተሻለ የሚያውቀው፣ «ብሎከር የለኝም» ብሎ ያልፋል። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ፐርፎርማንስ የለካን ይመስለናል። የለካነው የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ሴት ከሆነችማ የጥያቄው ዋጋ እጥፍ ነው። ዘጠኝ ወንድ ባለበት ቡድን ውስጥ አንዲት ሴት ስትጠይቅ ጥያቄው የእሷ ብቻ አይሆንም፤ «ሴቶች ኮዲንግ ይከብዳቸዋል» ለሚለው ማስረጃ ይሆናል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥያቄዎቿን በቴሌግራም ለብቻዬ ትልክልኝና እኔ ግሩፑ ላይ እጽፋቸው ነበር። ቃል በቃል፣ ነጠላ ሰረዟ ሳትቀየር። ሰኔ ላይ ለእኔ «ጥሩ ጥያቄ ያነሣል» ተብሎ ተጻፈ። ለእሷ «ተሳትፎዋን ብታሻሽል»።

አሁን ሲኒየሮቹ ሲናደዱ ይታየኛል። የሚሉትም ከንቱ አይደለም። ሰው ውስብስብ ነገር በጭንቅላቱ ተሸክሞ እያለ «አንዴ ብቻ» ብለህ ትከሻውን ስትነካው የተሸከመው ሁሉ ይበተናል፤ መልሶ ለመሰብሰብ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ኤረሩን አንብቦ ሳይጨርስ «አልሠራም» ብሎ ፎቶ የሚልክ ሰውም አለ። ፎቶው ደግሞ በስልክ የተነሣ፣ ግማሹ የጣቱ ጥላ። እስራኤላዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሪዬ ናድለር በዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያስቀምጣል፤ «አንተ ሥራልኝ» የሚል እርዳታ አለ፣ «እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ» የሚል እርዳታ አለ። የመጀመሪያው ጥገኝነትን ያሳድጋል፣ ሁለተኛው ሰውን ያስችላል። የእኛ ቢሮ ጥፋት ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ ነው። አንዱን ለማባረር የዘጋው በር ሌላውንም አስቀረ። ራሱን የቻለ ሠራተኛ የሚባለው እኮ ሁለተኛውን ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ጠይቆ የጠገበ ሰው ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ተጠቅልሎ አይመጣም።

ደቦ ጠሪው ዝም ብሎ አይጣራም። ቀኑን ይቆርጣል፣ ጠላውን ይጠምቃል፣ ማሳው የቱ ጋ እንዳለ ያሳያል። ቢሮም ውስጥ እንደዚያው ማድረግ ይቻላል፤ ግማሽ ሰዓት ብቻህን ታገል፣ ከዚያ ምን እንደሞከርክ ጽፈህ ጠይቅ። ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጠየቅ ግዴታ ይሁን። «ትችላለህ» ከተባለ ማንም አይጠይቅም፤ እናውቀዋለን።

«ኧረ አሁን ቻትጂፒቲ አለ፣ ማን ሰው ይጠይቃል?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም ቀኑን ሙሉ እጠይቀዋለሁ። አይስቅብህም፣ አይሰለችህም፣ ሰኔ ላይ ነጥብ አይሰጥህም። ከውጭ ኩባንያ ጋር በሪሞት የሚሠሩ ጓደኞቼ ስላክ ላይ አንዲት ጥያቄ ከመላካቸው በፊት እንግሊዝኛውን በእሱ ሲያሳምሩ አይቻለሁ፤ በዚያ በኩል በረከት ነው። ግን ማሽኑ የእናንተን ቢሮ አያውቅም። ዳታቤዛችሁ ውስጥ «ሁኔታ» የሚል ኮለም እያለ «ሁኔታ2» ለምን እንደተጨመረ የሚያውቀው ያኔ የነበረው ልጅ ነው፤ ጥግ ላይ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የተቀመጠው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጥያቄው መደበቁ ነው። አምስት ጀማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ያንኑ ጥያቄ ሲኒየሩ ጋ ይዘው ቢሄዱ ሲኒየሩ ይመረውና ተቀምጦ ዶክመንቴሽን ይጽፋል። አምስቱም በየጓዳቸው ማሽኑን ቢጠይቁ ጉድጓዱ እዚያው ይኖራል፤ ስድስተኛውም ይገባበታል። ቡድኑ የት ላይ እንደሚጎድለው የሚያውቀው በሚሰማው ጥያቄ ነው። «እየሠራሁበት ነው» እንደ ዘንድሮ ጥሩ መደበቂያ አግኝቶ አያውቅም።

መደበቁ ለምን? ሰው እምቢ እንዳይለን ፈርተን ይመስለናል። ፍራንሲስ ፍሊንና ቫኔሳ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት 5 የማያውቋቸው ሰዎች መጠይቅ እንዲሞሉላቸው የታዘዙ ተሳታፊዎች ወደ 20 ሰው መለመን ይኖርብናል ብለው ገምተው ነበር፤ ወደ 10 ሰው ጠይቀው ጨረሱ። ሰው ከምናስበው በላይ እሺ ይላል። እኛ ጋማ ይብሳል፤ ቢሮአችን ውስጥ ፊት ለፊት «አልረዳህም» ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ችግሩ ከእሺታው ጋር የሚመጣው ነው። «እሺ ቆይ» ተብሎ እስከ ማታ መቆየት። ኪቦርዱን ከእጅህ ነጥቆ፣ ትክ ትክ አድርጎ፣ «ይኸው» ብሎ መሄድ። «ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል?» የምትለዋ። «ገባህ?» የምትለዋ፣ ከ«አዎ» በቀር መልስ የማትፈቅደው። ሰው እምቢታን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን እሺታ ግን ሁለት ጊዜ አይቀምሰውም።

ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ በመገጣጠሚያው መስመር አጠገብ አንዶን የሚባል ገመድ አለ። ማንኛውም ሠራተኛ፣ ትናንት የተቀጠረውም ጭምር፣ ችግር ሲያይ ይስበዋል። መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል፣ በተመደበው ጊዜ ውስጥ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። የማኔጅመንት ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ስለ ገመዱ ማውራት ይወዳሉ። እኔ የምወደው ሲሳብ የሚመጣ ሰው መኖሩን ነው። መሪው መጥቶ «ይቺንማ ጎግል አድርጋት» ቢል ኖሮ ገመዱ በሳምንቱ ልብስ ማስጫ ይሆን ነበር።

አንድ ቡድን ውስጥ ቀላል ነገር ሲሞከር አይቻለሁ። ስብሰባው በአማርኛ ሆነ፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ቲም ሊዱ ሆኖ፣ ራሱ ያልገባውን አንድ ነገር ጠቅሶ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሳምንት ማንም አላመነውም፤ ወጥመድ ነው የመሰለን። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ኢንተርን ሰርቨሩ ለምን ማታ ማታ እንደሚሞት አልገባኝም አለች። ዝም ተባለ። ለካ ለማንም አልገባም ነበር። ጠዋት የቀደመ ሰው ያስነሣዋል፤ ምክንያቱን ሌላው ያውቀዋል ብሎ ያምናል። ስምንት ወር እንደዚያ ተሄደ። ሎግ ፋይሉ ዲስኩን እየሞላው እንደሆነ ለማወቅ የፈጀው አንድ ከሰዓት ነው።

ሲኒየሩንም ቢሆን ክፉ ነው ብዬ አላልፈውም። የእሱም ፎርም እንደ ጀማሪው ነው። «ስንት ሰው ረዳህ?» የሚል መስመር የለበትም፤ ስለዚህ ለሌላ የሚሰጠው እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ከራሱ ነጥብ የሚቆረጥ ነው። እንዲያውም ያ ሲስተም እሱ ከሌለ የማይነሣ ከሆነ፣ እውቀቱን ይዞ መቀመጥ ከየትኛውም የቅጥር ውል የበለጠ ዋስትናው ነው። ሁለቱን፣ የሚጠይቀውንም የሚመልሰውንም፣ በየፊናቸው አስረን «ቲም ወርክ» የሚል ፖስተር ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ለፎርሙ አዘጋጆች ነው፤ ሰኔ ከመድረሱ በፊት። «ራሱን ችሎ ይሠራል» የሚለውን ሰርዙት። በቦታው «ሥራ ሲይዘው በስንት ሰዓት ውስጥ ለቡድኑ ያሳውቃል?» ብላችሁ ጻፉ፣ ፈጥኖ ለሚናገረው ከፍተኛውን ነጥብ ስጡ። ሲኒየሩ ፎርም ላይ «ባለፈው ግማሽ ዓመት ማን ከእሱ ምን ተማረ?» የሚል መስመር ጨምሩ፤ መልሱንም እሱን ሳይሆን ጀማሪዎቹን ጠይቁ። የጀማሪዎቹ መልስ ባዶ ሆኖ ከተመለሰ፣ የደሞዝ ጭማሪውን ከመፈረማችሁ በፊት ሰውየውን ቢሮ ጠርታችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁት።